የቀጥቃጩን ልጅ «አባት» ያሉት ዕለት

ባለፈው የዝናብ ወራት የልጅ ልጄ ዮኒ ልጆች ወደሚያሠለጥንበት አዳራሽ ይዞኝ ሄደ። ይዞኝ ሄደ ልበል እንጂ ይዤው የሄድሁት እኔ ነኝ። እናቱ፣ ልጄ ሰናይት፣ «እማዬ፣ አንች ካልሽው እሺ ይልሻል፤ እኛንማ ከክፍሉ በር አያሳልፈንም» ብላ ለምናኝ ነው።

ዮኒ የሚጫወተው የአሜሪካኖቹን ኳስ ነው። ወታደር ቤት ሳለ ከአሜሪካ የመጣ ጓደኛው አስለመደው። ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሷ ድብልብል አይደለችም፤ ሁለት ጫፏ ሾል ያለ፣ የበሰለ ፓፓያ የመሰለች ናት። በእግር አይጠልዟትም ማለት ይቻላል፤ ታቅፈዋት ይሮጣሉ፣ ይወረውሯታል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራል። ራስ ቁር ደፍተው ትከሻቸውን አሳብጠው ሲመጡ መጀመሪያ ያየሁ ቀን፣ እኔስ ጦር የተነሣ ነበር የመሰለኝ። ከመካከላቸው አንዱ ኳርተርባክ ይባላል። ኳሷ መጀመሪያ ለእሱ ትሰጣለች። ያ ግንድ የሚያክል ሰው ሁሉ እየተንደረደረ ሲመጣበት እሱ አይሮጥም፤ ቆሞ፣ ቀና ብሎ፣ ለማን እንደምትገባ አይቶ ይወረውራል። ዮኒ እሱ ነበር። ከተማው ውስጥ ላለ ቡድን ስንት ዓመት ወረወረ። እኔ ጨዋታው ባይገባኝም ኳሷ ከእጁ ስትወጣ እንደ ወፍ ቀጥ ብላ ስትሄድ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ትከሻው ላይ ወደቁበት። ቀደዱት፣ ሰፉት፣ ወራት አሻሹት። ሐኪሙ እጅህ ለሥራ ይሆናል፣ ለመወርወር ግን አይሆንም አለው። ከሥራ ሲመለስ ክፍሉ ይገባና በሩን ይዘጋል። ቡድኑ ደግሞ ና፣ ታዳጊዎቹን አሠልጥንልን አለው፤ ያውም የትልቁን ሜዳ ሳይሆን በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱትን ትንሹን ዓይነት። ሜዳው ጠባብ ነው፤ ዳር ዳሩ ፍራሽ በለበሰ ግድግዳ የታጠረ ነው። ኳሷ በሜዳው ጫፍ ከተወጠረው መረብ ነጥራ ስትመለስም ጨዋታው አይቆምም።

«እማማ፣ ይኼ የሽማግሌ ሥራ ነው» አለኝ።

«እኔስ ሽማግሌ አይደለሁም? ና እንግዲህ አብረን እንሂድ» አልሁት።

እኛ ያለነው በአይሁድ አገር፣ ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ ከሚሉት ሰፈር ነው፤ አዳራሹ ከኛ ሩቅ አይደለም። የላስቲክ ወንበር አመጡልኝ፤ ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥሁ። ልጆቹ ከየአገሩ የተለቀሙ ናቸው፤ የሩሲያው፣ የሞሮኮው፣ የኛም። ዮኒ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ዳር ቆመ። አንዱ ልጅ ወርውሮ ሳተ። ያን ጊዜ የዮኒ ቀኝ ትከሻ፣ እጁ ከኪሱ ሳይወጣ፣ ብቻውን ንቅንቅ ሲል አየሁት። ልጁ ሌላ ጊዜ ወረወረ፤ ትከሻው አሁንም ንቅንቅ አለ። ወንድሜ ፈንታ ድቅን አለብኝ። ዓይኔ አዳራሹ ውስጥ ይሁን እንጂ ልቤ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ሄደ።

ያደግነው ከጎንደር ከተማ ወዲያ፣ በእግር ረጅም መንገድ ከሚያስሄድ ቀበሌ ነው፤ ዘመኑ የንጉሡ ነበር። አያቶቻችን የአይሁድ ወገን ናቸው። ዘመን አስገድዷቸው ተጠመቁ፤ እኛም በክርስትና አደግን፤ ሰው ግን ማን እንደሆንን አልረሳልንም። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ እናቴ ሸክላ ትሠራለች። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠራላቸው አባቴ ነው፤ ቤታችን ግን አይገቡም፣ ከዕቃችን አይቀምሱም። ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ቡዳ ናቸው ይሉናል። እኔ ልጅ ሆኜ ሰው ሲያየኝ መሬት መሬት የማየው አፍሬ አልነበረም። ያየሁት ሰው ቢታመም በእኔ እንዳይላከክ ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ከልጅነቴ የማስታውሰው የሰው እግር ነው፤ ፊቱን ያወቅሁት ጥቂት ሰው ነው።

በዓመት አንድ ቀን ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ገና ነው። እዚህ አገር ገናን ሳነሣ ፊቱን የሚያጠቁርብኝ አለ፤ አንች አሁን አይሁድ አይደለሽም ወይ ይሉኛል። ነኝ እንጂ። ግን የልጅነቴን ታኅሣሥ ምን ላድርገው? ሰው ልጅነቱን እንደ አሮጌ ጫማ በር ላይ አውልቆ አይገባም።

የገና ቀን ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ላይ ቤትና ታች ቤት ይባላል። እኛ ላይ ቤት ነን። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ አለ፤ በዚያ ዱላ ጥንግ የምትባለዋን ከወይራ ሥር የተጠረበች ድብልብል እየመቱ ይነዳሉ። ጥንጓ ከታች ቤቶች ሾላ ካለፈች እኛ ረታን፤ ከኛ በታች ካለው ወንዝ ከገባች እነሱ ረቱ። አጨዳው አልቋል፤ ጤፉ ተከምሯል፤ ጨፌው ጠዋት ጠዋት ውርጭ እየጣለበት ነጭ ይሆንና ፀሐይ ስትወጣበት ይጨሳል። ልጃገረዶች እሸት ሽምብራ ከነግንዱ ነቅለን፣ እየፈለፈልን እየበላን እናያለን። በዚያ ቀን የባላባት ልጅ የጭሰኛ ልጅ አይባልም። በገና የተመታም አይከስም፤ የመታውም አይቀየምም። ሕጉ ነው።

ወንድሜ ፈንታ በዚያ ቀን ንጉሥ ነበር። ከሌሎቹ የሚለየው ጉልበቱ አይደለም፤ ጉልበትስ ካሴ የሚባል ጎረምሳ ነበር፣ በሬ የሚያክል። ፈንታ ከመምታቱ በፊት ቀና ይላል። ሌላው ሁሉ ጥንጓ ላይ አፍጥጦ ይራኮታል፤ እሱ ጥንጓን ዱላው ሥር ይዞ፣ ዱላ ከግራ ከቀኝ እየወረደበት፣ ቀና ብሎ ያያል። ከዚያ ማንም የሌለበት ቦታ ይመታታል። እኛ ዳር ያለነው ወይኔ ሳታት ስንል፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አንዱ የኛ ሰው ደርሶ ይቀበላታል። «ፈንታ፣ ፈንታ» ይሉታል ያን ጊዜ፤ ቡዳ ያሉት አፎች። አባቴ በሩቅ ቆሞ ያያል፤ አይስቅም፣ ግን ቤት ሲገባ እያንጎራጎረ ነው።

የሆነው ሆነና አንድ ገና የታች ቤት ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ። ሆን ብለው ነው የሚልም ነበር፤ ቢሆንስ፣ የገና ነው፣ ለማን አቤት ይባላል? ወጌሻው መጥቶ በቅቤ አሸው፣ ቀርከሃ ሰንጥቆ አሰረው። በዐቢይ ጾም ማለቂያ ሲፈታው እጁ ደህና መሰለ። ወደ ላይ አንሣው ሲለው ግን ትከሻው ልክ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ለመብላት፣ ለመሥራት ይሆናል» አለ ወጌሻው፣ እጁን በውኃ እየታጠበ። «ለዱላ ግን አታንሣው። ከዚህ በላይ አይወጣም።»

ያን ዓመት ወንድሜ ወናፍ ሥር ኖረ። በግራ እጁ ይነፋል፤ እሳቱን እያየ ዝም ነው። ክረምቱ ገባ፣ አደይ ወጣ፣ እሱ እንደዚያው ነው። እናቴ የማትሠራለት ምግብ የለም፤ በተልባ የራሰ እንጀራ ይወድ ነበር፣ እሱንም እፊቱ እያለ ይደርቃል። እኔ ያን ጊዜ ጡቴ ያጎጠጎጠ፣ እንስራ የምሸከም ልጅ ነበርሁ። የገባኝ ነገር ቢኖር ይኼ ነው፦ እኛ ሰው የምንሆንበት ያች አንዲት ቀን ነበረች፤ እሷም የምትገባው በወንድሜ ክንድ በኩል ነበር። በሩ ተዘጋ።

ሌላው ገና ሲቃረብ፣ ኅዳር ሊያልቅ ገደማ፣ ሰዎች ወደ አጥራችን መጡ። የመሬቱ ጌታ ልጅ አድማሱ ነው፣ ያ ካሴም አብሮት አለ። አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ግቡ እንጂ» አላቸው፣ እንደማይገቡ እያወቀ።

«እንቸኩላለን፣ አባባ» አለ አድማሱ። «ፈንታን ፈልገን ነው።»

ፈንታ ወጥቶ ቆመ። አድማሱ መሬቱን በዱላው እየጫረ፣ «አምና አንተ ከወደቅህ በኋላ ማን ለማን እንደሚመታ ጠፋን። ወንዝ ከተቱን። ዓመት ሙሉ ሲዘፍኑብን ከረሙ። አሠልጥነን» አለው።

«እኔ ዱላ አላነሣም።»

«ዱላውን እኛ እናነሣለን። ዓይንህን ነው የምንፈልገው።»

«ዓይኔንማ ስትሸሹት አልነበር እንዴ?» አለ ፈንታ።

ካሴ ሳቁ አመለጠውና አፉን በነጠላው ያዘ። አድማሱ እንኳ ፈገግ አለ፤ ግን ጆሮው ቀላ።

«አባቱስ ማን ነው?» አለ ወንድሜ።

በእኛ አገር የገና ቡድን መሪ አባት ነው የሚባለው። በስሙ አይጠራም። ጎረምሶቹ ሁሉ፣ የቄሱም ልጅ የባላባቱም ልጅ፣ «አባቴ» እያሉ ነው የሚታዘዙት፤ ጨዋታው ካለፈ በኋላም ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፣ በመንገድ ሲያገኙት «አባቴ» ብለው ያሳልፉታል። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል አልነበረም።

«አባትማ እኔ ነኝ» አለ አድማሱ። «ሽማግሌዎቹ ቆርጠዋል። አንተ አስተምረን፤ የጨዋታው ዕለት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠህ እይ። ዝም ማለት ብቻ ነው።»

«ስመታ የእናንተ ነበርሁ» አለ ፈንታ ቀስ ብሎ። «ስናገር የማን ነኝ?»

አስብበት ብለው ሄዱ።

አባቴ መዶሻውን አንሥቶ፣ «እሺ በላቸው ልጄ። ስም አይበላም» አለው።

«ስምማ ይበላል፣ አባባ። እኛን ሲበላን አይደል የኖረው?»

እናቴ ውስጥ ሆና ጭቃዋን ታቦካለች። ቀና ሳትል፣ «ወይ ሂድ፣ ወይ ተመልሰህ ተኛ። በሩ ላይ አትገተርብኝ፣ ብርሃን ከለከልኸኝ» አለችው።

ሄደ። ማሠልጠኛ ይሆነኛል ብሎ የመረጠው ግን ጨፌውን አይደለም፤ የአድማሱን አባት የከብት በረት ነው። በረቱ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ ጠባብ ነው። ከብቱ ሲሰማራ እበቱ ገና እየጨሰ ይገባሉ። ጎረምሶቹ አፍንጫቸውን ይዘው አጉረመረሙ።

«ይኼን የሚያህል ጨፌ እያለ በረት?» አለው ካሴ። «ምን በደልንህ?»

«ጨፌ ላይ ሁሉም ጀግና ነው፣ መሮጫ አለው። እዚህ መሸሻ የለም። ቀና ያላለ ጥርሱን ይለቅማል።»

እውነቱን ነበር። በዚያ ጥበት ጥንጓ ካቡን መትታ ትመለሳለች፤ መጀመሪያ ሰሞን ቁርጭምጭሚቱን ያልተመታ፣ ያላነከሰ አልነበረም። ወንድሜ ካቡ ላይ ተቀምጦ፣ «አታባርሯት፣ ትመጣለች። የምትመጣበት ቆማችሁ ጠብቋት» ይላል። የመታ ሰው ከመምታቱ በፊት የሚቀበለውን ሰው ስም መጥራት አለበት፤ ያልጠራ ይወጣል። ካሴ መጀመሪያ የራሱን ስም እየጠራ ይመታ ነበር፤ ስንቱን አሳቀን። እያደር ግን ጥንጓ ከዱላ ዱላ፣ ከካብ ዱላ ስትሄድ ድምፁ ዝናብ የቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚመታው ያለ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ ኳሷን ሲቀባበሉ የሰማሁት ያን ድምፅ ነው።

እኔ ለወንድሜ ውኃ በገንቦ ይዤ እመጣለሁ። እነሱ የራሳቸውን ውኃ በቅል ይዘው ይመጣሉ፤ ከኛ ገንቦ አይጠጡም። አንድ ቀን ፀሐዩ በረታና ቅላቸው አለቀ። ካሴ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ መጣና ገንቦውን ከእጄ ወስዶ አንደቀደቀ። ጨዋታው ቆመ። ሁሉም ካሴን ያየዋል፤ አሁን ሆዱን ይዞ ይወድቃል ብለው ይመስለኛል። እኔ እንደ ልማዴ እግሩን እያየሁ ቆምሁ። ካሴ አፉን በክንዱ ጠረገና፣ «የናትሽ ገንቦ ውኃ ያቀዘቅዛል። የኛ ቤት እንዲህ አያቀዘቅዝም። ነገም ይዘሽ ነይ» አለኝ። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ኩፍኝ የነካካው ክብ ፊት ነው። እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም እየተጋፉ ጠጡ። አድማሱ ብቻ አልጠጣም።

የገና ዕለት ነፋስ የሌለበት ብርድ ነበር። ፈንታ እንደታዘዘው ከሴቶች ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ አጠገቡ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ከኛ ትንሽ ራቅ ብለው ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ የአድማሱ አባት መሀላቸው ነው። ጎረምሶቹ አድማሱን ከበው፣ «አባቴ፣ ሚናችንን ለይልን» ሲሉት ወንድሜ የነጠላውን ጥለት ይቆጥር ጀመር።

መጀመሪያ ደህና ሄዱ። በኋላ ታች ቤቶች ብዙ ሆነው ተጋፏቸው፤ ጨፌው ሰፊ ነው፣ የኛዎቹ ተበታተኑ። አድማሱ መጥፎ ተጫዋች አልነበረም፤ ግን ጥንጓ እሱ ዘንድ ስትደርስ አንገቱን ይደፋል። እየተገፉ እየተገፉ ወንዙ ሊደርሱ ትንሽ ቀራቸው። ፈንታ ከንፈሩ ውስጥ ይናገራል፤ ከእኔ በቀር የሚሰማው የለም። «ካሴ፣ ቀና በል። ካሴ፣ በግራህ። ተዋት፣ ትመጣለች፣ ተዋት።» ቀኝ ትከሻው ነጠላው ሥር በየምቱ ይነሣል።

«ጋሼ፣ ጮክ በልና ንገራቸው እንጂ» አልሁት።

«አባታቸው እያለ? እኔ ማን ነኝ?»

ጥንጓ አጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ገባችና ጠፋች። እስክትገኝ ጨዋታው ቆመ፤ ሁለቱም ወገን እሾህ እየወጋው ይፈልጋታል። አድማሱ ግን አልፈለገም። ዞረና ጨፌውን አቋርጦ ወደኛ መምጣት ጀመረ። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ደሙ ቅንድቡ ላይ ረግቷል። አባቱ ያለበትን ጥላ አልፎ መጣ።

«አድማሱ» አሉ አባቱ።

አልዞረም። ወንድሜ እግር ሥር ሲደርስ ዱላውን መሬት አስቀመጠ። ከኛ ጋር የነበሩት ሴቶች ሽምብራ መፈልፈላቸውን አቆሙ። አድማሱ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ነፋስ ስለሌለ ግን ሽማግሌዎቹ ድረስ ተሰማ።

«አባቴ፣ ምን እናድርግ?»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። እኔ እንቢ ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዱላውን በደህናው እጁ አነሣና መልሶ ሰጠው።

«ያዝ። ያለ ዱላ ምን ታደርግልኛለህ?» አለው። «ጨፌውን ተዉላቸው። በግራ በኩል በካብና ካብ መሀል የምታልፍ መንገድ አለች አይደል? እዚያ አስገቧት። እነሱ ብዙ ናቸው፣ አይበቃቸውም። እናንተ በረት ውስጥ ነን በሉ።»

ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ያልሰማ የለም። ጥንጓ ከአጋሙ ስትወጣ ካሴ የአድማሱን ስም ጠራና መታት፤ አድማሱ ቀና ብሎ ተቀበላት። ወደ ጠባቧ መንገድ ገቡ። ታች ቤቶች ተከትለው ሲገቡ እርስ በርሳቸው ተጣበቁ፤ ዱላቸውን የሚያነሡበት ቦታ አጡ። የኛዎቹ ካቡን እየመቱ፣ ስም እየተጠራሩ፣ ያን የቆርቆሮ ዝናብ ድምፅ እያሰሙ አለፉ። «አባቴ፣ አሁንስ?» ይላል አንዱ፤ «አባቴ፣ ልልቀቃት?» ይላል ሌላው፤ ሁሉም ወደ ወንድሜ ነው የሚጮኸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥንጓ ሾላውን አለፈች።

ፈንታን ተሸከሙት። «ትከሻዬን፣ እናንተ፣ ትከሻዬን፣ አውርዱኝ» እያለ ይስቃል። ዓመት ሙሉ ሳቁን ሰምቼ አላውቅም። አባቴን ፈለግሁት፤ ከሰው ኋላ ቆሞ ፊቱን ወደ ዛፍ አዙሯል።

ጠላው ሲቀዳ፣ ዘፈኑ ሲደምቅ ወንድሜን አጣሁት። ገና ብርሃን ነበረ። ጨፌው ላይ ብቻውን አገኘሁት፤ ጥንጓን መሬት አስቀምጧል። ዱላውን በቀኙ ያነሣል፣ ትከሻው ልክ ሲደርስ ክንዱ ቀጥ ይላል። ያወርደዋል። ሌላ ጊዜ ያነሣል።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ይፈልግሃል» አልሁት።

«ሰምቻለሁ።»

«አባት አሉህ እኮ።»

«አሉኝ።» ዱላውን ተደግፎ ቆመ። «ደስ ብሎኛል፣ ውሸት አይደለም። የአባባን ፊት አይተሽዋል? ግን አንች፣ ጥንጓ ከዱላው ስትነሣ መዳፍ ውስጥ የምትቀር አንዲት ነገር አለች። እሷን ማን ይሰጠኛል?»

«አባት መባል አይሻልም?» አልሁት፤ ልጅ ነኛ።

«ይሻላል» አለኝ። «የሚሻል ነገር ግን ያን አያስረሳም።» ጥንጓን አንሥቶ ሰጠኝና አብረን ወደ ዘፈኑ ሄድን።

ካለፈ በኋላ አገሩ ተለወጠ አልልም። ሽማግሌዎቹ ቤታችን ሳይገቡ ሞቱ። እናቴ ገበያ ስትወጣ ከዚያ ወዲያም አፍንጫቸውን የሚሸፍኑ ነበሩ። ጎረምሶቹ ግን ባል ሆነው፣ ልጅ ወልደው እንኳ ወንድሜን በመንገድ ሲያገኙት «አባቴ» ብለው ያሳልፉት ነበር። አድማሱም። ፈንታ ጠጉሩ እስኪሸብት በየዓመቱ በረት ውስጥ ጎረምሳ አሠለጠነ። እኔ ወደዚህ ስመጣ እሱ የመምጫ ተራው አልደረሰም፤ ጎንደር ከተማ ቤት ተከራይቶ ሲጠብቅ፣ ዛሬ ነገ ሲሉት፣ እዚያው አረፈ። በስልክ ነው የነገሩኝ። ስልክ ምን ዓይነት መርዶ ነው? የሚይዙት ሰው የለ፣ አብሮ የሚያለቅስ ድንኳን የለ። ያን ቀን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የማስበው ፊቱን ሳይሆን ትከሻውን ነበር።

ይኼን ሁሉ ለዮኒ የነገርሁት ከአዳራሹ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነው። ዝናብ ነበር። የቤርሼባ ዝናብ ሲመጣ አቧራውን ይዞ ነው የሚወርደው። ሕንፃችን ሥር ደርሰን አቆመ፤ ዝናቡ ጋብ እስኪል እንቆይ ብለን ተቀመጥን። የመኪናው መስታወት በትንፋሻችን ደመነ። ዮኒ አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በዕብራይስጥ ነው። ሳወራ አንዴም አላቋረጠኝም።

«ኑ?» አለኝ ስጨርስለት፤ በዕብራይስጥ «እና?» ማለቱ ነው። «ከዚያ በኋላ ተጫወተ?»

አዎ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ልጅ ሲያዝን ማን እውነት መናገር ይወዳል?

«አልተጫወተም» አልሁት። «እስኪሞት ናፈቀው።»

ዝናቡ ጣራው ላይ ይመታል። አሁን መሪውን ይመታና ይወርዳል፣ በሩን ይዘጋል፣ ሰናይትም እኔን ትወቅሰኛለች ስል፣ ቀኝ እጁን ዘረጋና በጣቱ በደመነው መስታወት ላይ ሁለት መስመር ሳበ።

«ይኼ አንዱ ካብ ነው። ይኼ አንዱ» አለ፣ በአማርኛ። «ጥንጓ የት ነበረች? አጋሙ የት ነው?»

መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁና ተጠጋሁ። አጋሙን አሳየሁት። በጣቱ ነጥብ አደረገ። «ካሴ የት ቆመ? ሲጠራ አድማሱ ከፊቱ ነበር ወይስ ከኋላው?» አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ልጆቹን ሲያይ እንደነበረው። «እኔም ልጆቹን እንዲህ ስም ማስጠራት አለብኝ» አለ ለራሱ። እኔም ጣቴን አንሥቼ፣ ስንት ዘመን ያላየኋቸውን ሰዎች መስታወቱ ላይ አቆምኋቸው። ካሴ እዚህ። አድማሱ እዚህ። አባቴ ከሰው ኋላ፣ እዚህ።

«እሱስ?» አለኝ። «ወንድምሽ የት ነበረ?»

ከመስመሮቹ ውጭ፣ ዳር ላይ፣ ነጥብ አደረግሁለት። ከጣቴ ሥር ውኃ ወረደ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ዮኒ ሞተሩን አስነሥቶ መስታወቱን ሊያጠራ ነፋሱን ሊከፍት ሲል እጁን ያዝሁት። ትንሽ ቆይ አልሁት። ቆየልኝ። መስታወቱ ግን በራሱ ጊዜ ይጠራ ጀመር፤ መጀመሪያ አጋሙ፣ ቀጥሎ ካሴ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ እየሳሱ ሄዱ። ከኋላቸው የሰፈራችን መብራትና እርጥቡ መንገድ ታየ።